ብልቃጡ ለምን ተከፈተ?

የኩፍኝ ክትባት የሰጠ ሰው የብልቃጡን ነገር ያውቀዋል። ዱቄቱ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ሰዓት ብቻ ነው፤ እኛ የያዝነው አንዱ ብልቃጥ ደግሞ የ10 ልጅ ነበር። ስለዚህ ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም የምናውቃት ዘዴ አለች፦ ልጅ እስኪበዛ አለመክፈት።

ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ የመንዝ ቀበሌ ለመስክ ክትባት ወጥተን ነበር። ልጅ 15 ወር ሲሞላው የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ብዙም አልቆየም። እናቶች መጥተዋል፤ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ጥግ ቆመዋል። የአንዷን ልጅ ከመጀመሪያው ክትባት ሳምንት ቆይቶ አተኩሶት ነበር አሉ። የሚጠበቅና በራሱ የሚያልፍ መሆኑን አስረዳሁ። በደንብ አስረዳሁ፤ እንዲያውም ከሠለጠንነው ሥልጠና ይሻል ነበር። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ነቅንቀው ሲጨርሱ ግን ዞረው ያዩት ልጇ የታመመባትን ሴት ነው። እሷ ደግሞ አማቷን ታያለች።

አማቲቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣

«አንተ ልጅ፣ ለምን አትጀምርም?» አሉኝ።

«ልጅ እስኪበዛ እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ።»

«አንዱን ብትወጋ ምን ትሆናለህ?»

«ከተከፈተ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ያስጠይቀኛል።»

«እነሱም እኮ ሌላው እስኪጀምር እየጠበቁ ነው። ታዲያ ማን ከማን ይሻላል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ሥልጠናው ላይም አልተነሣም። ማሟሟያውን ቀዳሁ። እሳቸውም እንዝርታቸውን አስቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ከምራታቸው ጀርባ አወረዱና እጁን ያዙልኝ። ልጁ ጮኸ፤ አጥሩ ጥግ የነበሩት ተራ በተራ መጡ። ከወንዙ ማዶ የመጡት ብቻ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። የሚያዩት ሰው ከእነሱ ጋር አልመጣም ነበር።

የተረፈው ተደፋ። ሪፖርቱ ላይ የተከተቡት ልጆች «በተሰጠው የግንዛቤ ማስጨበጫ» ተብለው ተመዘገቡ፤ የእኔ ንግግር መሆኑ ነው። ለንግግሩ አለቃችን በስብሰባ ላይ ተመሰገነ፤ ስለ ብክነቱ ግን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። «ከማዶ የመጡት አማት ስላልነበራቸው» ብዬ ልጽፍ ዳዳኝና «የተጠቃሚ ማነስ» ብዬ ጻፍሁ። እሷን ሳያንገራግር ፈረመባት።