ከሣር ማጨጃ ወደ ኩብ አፍንጫ

ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መንፊያ ከልክላለች። ጎረቤቷ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2025 ተከተለ። ግቢ የሚያሰማምሩት ሰዎች ወደ ባትሪ ሲዞሩ ሌላውም የቤንዚን ዕቃ አብሮ ዋጋ አጣ። ጋራዥ ሴል ላይ ሞተሩ ደህና የሆነ የሣር ማጨጃ በምሳ ዋጋ ይገኛል። እኔም 25 ሲሲ ሞተር ያለው፣ በእጅ የሚያዝ አንድ አነሣሁ። ያሰብኩለት ቦታ ፓይፐር ኩብ የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን የአንድ አራተኛ መጠን ያላት፣ በሪሞት የምትበር ሞዴል አፍንጫ ነበር። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ብር ለመቆጠብ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ለሞዴል አውሮፕላን ተብሎ የተሠራ የ30 ሲሲ የቻይና ሞተር ዛሬ 300 ዶላር ገደማ ነው። የቶርኖ ቤት ክፍያና ቁርጥራጭ ዕቃ ሲደመር ልዩነቱ ይጠባል። እኔ የገባሁበት መፍታትና መግጠም ስለምወድ ነው።

ማራቆቱ ቀላል ነው። የመነሻ ገመዱ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ፣ ፍሪሲዮኑና የነዳጅ ጋኑ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ግን ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡና ፕሮፔለሩ በሚገባበት በኩል ዘንጉ ወዴት እንደሚዞር እዩ። ገበያ ላይ ያለው ተራ ፕሮፔለር ከፊት ሲታይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ የሚዞር ነው። ሞተራችሁ በሌላው ከዞረ ከኋላ ለሚገፉ አውሮፕላኖች የሚሸጠውን መግዛት ግድ ነው።

ፕሮፔለሩን የሚይዘውን ቁራጭ በእጅ ድሪል አትሞክሩት። ከአሉሚኒየም በቶርኖ መውጣት አለበት። ትንሽ ካጋደለ ንዝረቱ መጀመሪያ ብሎኑን ያላላል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታውን ይበላል። እኔ ቶርኖ የሚሠራ ሀበሻ ጓደኛ አለኝ፤ ሒሳቡ በቡና አለቀ። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ጓደኛ የለውም።

አሁን ወደምከራከርበት ነገር ልምጣ። የሚበዛው ሰው የሚመክረው ማግኔቶውን፣ ማለትም ቮላኖው (ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ላይ ባለ ማግኔት ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል፣ አውጥቶ በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መግጠም ነው። ክብደት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። አውሮፕላኗ አየር ላይ የምትገለባበጥ ዓይነት ብትሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ኩብ ግን አፍንጫዋ አጭር ነው። ሚዛኗ እንዲመጣ ፊቷ ላይ እርሳስ መጫን የተለመደ ነው። ታዲያ ቮላኖውን አቅልዬ በምትኩ እርሳስ ልሸከም? ኧረ አይሆንም! ስለዚህ የቮላኖው ማራገቢያ ክንፎች ብቻ ቶርኖ ላይ ተላጡ። ማግኔቱና ትይዩው ያለው ማመጣጠኛ አልተነኩም። ሚዛኑን ስለካ የጎደለው እርሳስ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከባድ ቮላኖ ሌላም ውለታ አለው። ገመዱ ስለወጣ ሞተሩ የሚነሣው ፕሮፔለሩን በእጅ በመምታት ነው። ማግኔቶ ደግሞ ፍጥነት ካላገኘ ብልጭታ አይሰጥም። ያ ክብደት ዙሩን ያሻግረዋል። ሚኒሞውም ረጋ ይላል። በኮይሉ (ብልጭታ በሚሰጠው የሽቦ ጥቅል) እና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ቢዝነስ ካርድ ጣል አድርጎ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ፕሮፔለሩን ስትመቱ ግን እጃችሁን በወፍራም የቆዳ ጓንት ሸፍኑ።

ብዙ ጊዜዬን የበላው ካርቡሬተሩ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ሜምብሬን (በግፊት የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) ያለው ዓይነት ነው፤ ከአምራቾቹ ዋልብሮ የታወቀው ስም ነው። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው የግፊት መለዋወጥ ፓምፑን ስለሚነዳው ነዳጁን ራሱ ይስባል። አውሮፕላኗ ብትገለበጥም ግድ የለውም። ሣር የሚያጭድ ሰው ማሽኑን ወዲያ ወዲህ ስለሚያዞረው እንዲያ ሆኖ ተሠራ፣ ለእኛም በጀን።

ጣጣው ሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ናት። ሜምብሬኑ የውጭውን ግፊት የሚያውቀው በእሷ ነው። በረራ ላይ ነፋስ ቀጥታ ሲመታት ሜምብሬኑን ይገፋና ነዳጅ ይበዛል። የአፍንጫው ሽፋን ውስጥ ግፊት ከወረደ ደግሞ ነዳጅ ያንሳል። መሬት ላይ ምንም የማይወጣለት ሞተር አየር ላይ ያጉረመርማል። ሰው ነዳጁን የሚመጥኑትን መርፌዎች እያዞረ ቀኑን ይጨርሳል፣ መርፌዎቹ ግን ምንም አላጠፉም። ቀዳዳዋ ላይ ቀጭን የነሐስ ቱቦ በይዶ፣ በጎማ አድርጎ ጫፉን አየሩ ወደማይንቀሳቀስበት ወደ አውሮፕላኗ ሆድ ማስገባት ነው። የእኔ ጉርምርምታ በዚህ ቀጥ አለ።

ማራገቢያው ስለሌለ ማቀዝቀዣው የፕሮፔለሩ ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ሰነፍ ነው፣ ክፍት ቦታ ካገኘ ሲሊንደሩን ዘልሎ ያልፋል። በላሜራ ግድግዳ አስገድዶ በሲሊንደሩ ክንፎች መሐል ማሳለፍ ያስፈልጋል። መውጫውም ከመግቢያው ሰፋ ማለት አለበት። ለሞተሩ መለማመጃ ጊዜ በአንድ ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊሊትር ገደማ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ቀላቅያለሁ። ፕሮፔለሩ 18 በ6 ኢንች (ከጫፍ እስከ ጫፍ 18፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው 6) የእንጨት ነው።

ስለ ማጥፊያው ቀልድ የለም። ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፤ ማጥፊያው ሽቦ ከተበጠሰ ሞተሩ ሁልጊዜ ለመነሣት ዝግጁ ነው። እኔ ለብቻው በሪሞት የሚታዘዝ ማጥፊያ ገጥሜለታለሁ። የቤንዚን መክፈቻውን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግም ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ለብረት ሲፋተግ ሬዲዮውን ሊረብሽ ስለሚችል።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል ኤፍኤኤ (የአገሪቱ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ዘንድ በ5 ዶላር ይመዘገባል፣ በነፃ የሚሰጥ አጭር የኢንተርኔት ፈተናም አለ። ክለብ ሜዳ ላይ መብረሩ ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ ሞተሩን በድምፁ ብቻ ሕመሙን ይነግሯችኋል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የመጋዝ ሞተር ነው። እዚያ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ጥርስ የታሰረ ነው፣ እንደ ተራ ብሎን ልፍታህ ያሉት እንደሆነ ይብሱን ይጠብቃል።