ፀሐይ ለሌለበት ቀን የሚሆን ሌንስ

ከአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ እየወጣሁ፣ ብሬከንሪጅ በተባለው የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ በስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለቱም እግር በሚታሰርበት አንድ ሰሌዳ፣ መንሸራተት ከጀመርኩ ይህ አምስተኛው የበረዶ ወቅቴ ነው። አዲስ የሚጀምሩ ወዳጆቼ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጫማውና ስለ ሄልሜቱ አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ዓይንን ከበረዶና ከነፋስ የሚከልለውን ትልቅ መነጽር፣ የጎግላቸውን ሌንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመልኩ ብቻ መርጠው፣ ከገዙት በኋላ ያሳዩኛል። እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት እንደዚሁ ነበር። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሌንስ ነበር፤ ሻጩ ለሁሉም ቀን ይሆናል ሲለኝ አምኜው ወሰድኩት።

ለሁሉም ቀን እንደማይሆን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት፣ ደመና ተራራውን በሸፈነበት አንድ ጠዋት ነው። ኢምፔሪያል የተባለው ሊፍት፣ ተንሸራታቾችን በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ የሚያወጣው፣ የሚያደርሰው 3,914 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ዛፍ የሚባል ነገር አይበቅልም። ከሊፍቱ ወርጄ ጥቂት እንደሄድኩ ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኑብኝ። ከፊቴ ያለው ቁልቁለት ይሁን ሜዳ መለየት አቃተኝ፤ ቆሜያለሁ ብዬ ካሰብኩ በኋላ እንኳ ገና እየሄድኩ መሆኔን የተረዳሁት ከሰሌዳዬ ጠርዝ ሥር በረዶው ሲፋቅ ስሰማ ነው። ወዲያው ነፋስ የከመረው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ እርከን አፋፍ ላይ ደርሼ ኖሮ መሬቱ ከሥሬ ከዳኝ፤ በእጄ ተመርኩዤ ወደቅሁና አንጓዬ ለሦስት ሳምንት ታሰረ። ከወደቅሁበት ቀና ብዬ ጎግሉን ወደ ሄልሜቴ ከፍ ሳደርገው ያ እርከን፣ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን፣ ይታይ ነበር። እኔን የጋረደኝ ደመናው ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ተንሸራታቾች እንዲህ ያለውን ብርሃን «ፍላት ላይት» ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የፀሐይ ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ጉብታና ቦይ በአንድ ወገኑ ጥላ ይጥላል፤ ዓይናችን የበረዶውን ቅርጽ የሚያነበውም በዚያ ጥላ ነው። ደመና ሲጋርድ ግን ብርሃኑ ተበትኖ ከየአቅጣጫው ስለሚወርድ፣ በረዶውም መልሶ ወደ ላይ ስለሚያንጸባርቀው፣ ጥላው ይጠፋል። በዚህ ላይ አብዛኛውን ብርሃን የሚያስቀር ጥቁር ሌንስ ሲጨመርበት የቀረችው ጥቂት ልዩነትም ትዋጣለች።

ስለዚህ ሌንስ ሲገዛ ከቀለሙ በፊት መታየት ያለበት ቁጥሩ ነው። «ቪ ኤል ቲ» የሚባለው ይህ ቁጥር ከሚታየው ብርሃን ውስጥ ሌንሱ ስንት በመቶ እንደሚያሳልፍ ይናገራል። በደረጃ ሲከፈል ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚያሳልፈው ኤስ 4፣ ከ8 እስከ 18 የሚያሳልፈው ኤስ 3፣ ከ18 እስከ 43 የሚያሳልፈው ኤስ 2፣ ከ43 እስከ 80 የሚያሳልፈው ደግሞ ኤስ 1 ይባላል። ኤስ 4 እጅግ ጨለማ ስለሆነ መኪና ሊነዳበት አይገባም። የእኔ ጥቁር ሌንስ 12 በመቶ ነበር፤ ለጠራ ሰማይ ተስማሚ ነው፣ ለዚያ ጠዋት ግን ፈጽሞ አይሆንም ነበር። አሁን ለደመና ቀን የምይዘው 50 በመቶ የሚያሳልፍ ሮዝ ሌንስ ነው።

ሮዝ፣ ቢጫና የብርቱካን ቀለም ያላቸው ሌንሶች ለደመና የሚመረጡት ሰማያዊውን ብርሃን ቀንሰው በበረዶው ላይ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት አጉልተው ስለሚያሳዩ ነው። ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ከውጭ የሚታየው መስታወት መሰል ሽፋን ነው፤ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ሆኖ የሚያበራው ሌንስ ከውስጥ ሲታይ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ሌንሱን ዓይን ላይ አድርጎ ማየት፣ ቁጥሩንም ማንበብ ያስፈልጋል። ይሁንና የትኛውም ሌንስ የሌለ ጥላ አይፈጥርም። ጭጋጉ ሲብስ ከዛፎቹ መካከል ወደሚያልፈው መንገድ መውረድ ይሻላል፤ ግንዶቹ ቁልቁለቱን ለዓይን ይመሩታልና።

የፀሐዩ ቀን ነገርም ቀላል አይደለም። የሊፍቱ አናት ከአዲስ አበባ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ የወረደ በረዶም ከዚህ ጨረር እስከ 80 በመቶ ያህሉን መልሶ ወደ ፊታችን ይልከዋል። ዓይን በዚህ ሲቃጠል ከሰዓታት በኋላ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያነባል፣ ብርሃን ማየትም ያቅተዋል። ጨረሩን የሚከለክለው ግን የሌንሱ ጥቁረት አይደለም፤ ቀለም የሌለው ሌንስ እንኳ በትክክል ከተሠራ ሊከለክለው ይችላል። ጨለማ ሆኖ ጨረሩን የማይከለክል ርካሽ ሌንስ የዓይን ብሌን ሰፍቶ ብዙ ጨረር እንዲያስገባ ስለሚያደርግ ከሁሉም የከፋ ነው።

በጨረሩ መጠን ራሳቸው የሚጠቁሩና የሚፈኩ ፎቶክሮሚክ ሌንሶችን ሞክሬያለሁ። ቀኑ ቀስ እያለ ሲለወጥ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን በብርድ ለመፍካት ስለሚዘገዩ ከፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ በፍጥነት ስገባ አልደረሱልኝም። ፖላራይዝድ ሌንስም ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ እኔ ግን የበረዶ ግግሩ ሲያብለጨልጭ ባየው እመርጣለሁ፤ ያ ብልጭታ መንገዱ አንሸራታች መሆኑን ይነግረኛልና።

አሁን ሁለቱንም ሌንሶች ይዤ እወጣለሁ። አንዱ ጎግሉ ላይ ነው፤ ሌላው በለስላሳ የጨርቅ ከረጢት ሆኖ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ይቀመጣል። የምቀይረውም ሊፍት ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ጓንቴን አውልቄ ነው። የውስጠኛውን ገጽ እርጥብ ሳለ አልጠርገውም፤ ጭጋግ እንዳይዝ የተቀባው ሽፋን ይላጣልና። ጠዋት ሰማዩ ካጠራጠረኝ በሮዙ እጀምራለሁ፤ ፀሐይ ብትወጣ እስከ ምሳ ድረስ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ እወርዳለሁ እንጂ፣ በጥቁሩ ሌንስ ደመና ውስጥ ዳግመኛ አልገባም።