አንድ ሜትር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድሬዳዋ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ዋልኩ። ስለ ጅቡቲ-አዲስ አበባ መስመር አጀማመር ወራት ሙሉ ሳነብ ቆይቼ፣ ሃዲዱን በእጄ ሳልነካ መጻፍ ከብዶኝ ነበር።

ዕድሜያቸውን በጥገና ክፍሉ ያሳለፉ አንድ አባት አብረውኝ ዞሩ። ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው "ያዝ ልጄ" አሉኝና በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ዘረጋነው። ልክ አንድ ሜትር! ከሥር ያለው አግዳሚም እንጨት ሳይሆን ብረት ነው። "እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰው ነበር" አሉ፣ ዝገቱን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። አጠራረጋቸው ከዓይኔ አልጠፋ አለ፤ የልጅ ፊት የሚያብሱ ነበር የሚመስለው።

አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ግን ተራራውን መውጣት እጅግ አስቸጋሪና ውድ ሆነና ሃዲዱ ከግርጌው ቀረ። ድሬዳዋም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። አንዲት ከተማ በዳገት ምክንያት መወለዷ፣ ስንት ጊዜ አንብቤው፣ ዛሬም ይደንቀኛል። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

አመሻሽ ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ ጠጣን። ነገ ጠዋት ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሊያገናኙኝ ቃል ገብተውልኛል። አንደኛው የአዋሽን ድልድይ ለዓመታት የተመላለሱበት ባቡር ነጂ ናቸው። ደብተሬን አዘጋጅቻለሁ።