ዋካ የማይቆምለት አባት

ኮንሶ ውስጥ በነባሩ እምነትና በፕሮቴስታንቱ መካከል ያለው ጠብ ሲነሳ ብዙ ሰው የፈጣሪ ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። ኮንሶ ፈጣሪውን «ዋቃ» ይለዋል፤ ክርስቲያኑም በዚሁ ስም ይጸልያል። ጠቡ ያለው መሥዋዕቱ፣ ጨቃው (የአገሬው ጠላ) እና የሞተ ሰው የሚከበርበት ሥርዓት ላይ ነው።

የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን ኮንሶ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ያንን ሥራ የወረሰችው መካነ ኢየሱስ ናት።

ዋካን፣ ማለትም ለሞተ ጀግና የሚቆመውን የእንጨት ሐውልት፣ በቅርብ ላየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ሰው ሲሞት ምስሉ ከጠንካራ እንጨት ይጠረባል። ግንባሩ ላይ ካላቻ የሚባለው ጌጥ ይደረግለታል፤ ዓይኑ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱ ከአጥንት ይሠራል። መሐል እሱ ይቆማል፣ ግራና ቀኝ ሚስቶቹ፣ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶች። ነብር ገድሎ ከሆነ ነብሩም አይቀርም። ይህ ሁሉ ድግስ ይጠይቃል፦ የሚታረድ ከብት፣ ለጠራቢውና ለእንግዳው የሚቀርብ ጨቃ። ልጆቹ ወንጌል ከተቀበሉ ማረዱም መጥመቁም ይቀራል፤ አባትየው ያለ ዋካ ይቀበራል። የቆመውም ዋካ ጠባቂ ሲያጣ ወይ ምስጥ ይበላዋል፣ ወይ ሌባ ይነቅለዋል።

ጨቃው ደግሞ መጠጥ ብቻ አይደለም። የእርከን ካብ ሲናድ ደቦ የሚጠራው በጨቃ ነው። የማይጠጣ ሰው ከደቦው እየራቀ ሲሄድ የእሱ ማሳ ካብ ሳይጠገን ይቀራል፤ ጎርፉም ታች ያለውን የጎረቤት ካብ ይዞ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ አንዳንድ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳልና።

ከባዱ ግን የፖቃላው ጉዳይ ነው። ፖቃላ የጎሳው መራቂና አስታራቂ ነው፤ ሲሞት አስከሬኑ እንዳይበሰብስ ተደርጎ 9 ዓመት ከ9 ወር ከ9 ቀን ይቆያል። በቤቱ ዙሪያ ያለውን የጥድ ደን ከመጥረቢያ የጠበቀው አጥር ሳይሆን የፖቃላውን ቃል መፍራት ነው። ወራሹ ያንን ሥልጣን ካልተቀበለ ደኑን በምን እንጠብቀው?

ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋካውንም አብሮ ቆጥሯል። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የምለው፦ ማረዱን ተዉት፣ ምስሉን ግን ፍቀዱ። በኮንሶ ከተማ በካራት ሙዚየም የተቀመጡት ዋካዎች ከሌባ የተረፉ ናቸው፤ ከሚስቶቹ ተነጥሎ የቆመ ዋካ ግን የማን አባት እንደሆነ ማን ይናገራል?