«የክርስትና ስማቸው ማነው?»

ዛሬ የአርባ ቀን ፍትሐት ላይ ቄሱ ይህን ሲጠይቁ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ። በብዙ ቤት ያጋጥማል። በጸሎቱ የሚጠራው «ወለተ ማርያም»፣ «ገብረ ሚካኤል» የሚለው ነው እንጂ ሰፈር የሚያውቀው ስም አይደለም። ስሙ ከጠፋባችሁ የሟች የክርስትና እናት ወይም አባት፣ እነሱም ካለፉ የሟች የነፍስ አባት ይጠየቁ። ቢቻል ግን እናትና አባታችሁን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት (ያሳፍራል አትበሉ፣ ደስ ይላቸዋል)።

ቀኑ የሚቆጠረው ካረፉበት ዕለት ነው፤ ከቀብር አይደለም። አስከሬን ከውጭ አገር ሲመጣ ቀብሩ ስለሚዘገይ ሣልስቱና ሰባቱ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። ከአርባው በኋላ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ።

ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና መገበሪያ ይወሰዳል። መገበሪያው ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ይሁን፤ ጤፍ ወይም ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ ላይ ከተፈጨ ይቀላቀላል።

ንፍሮው ላይ ስንዴውና ሽንብራው ማታ ለየብቻ ይነከሩ። አብረው ከተጣዱ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይፈርሳል። ጨው መጨረሻ ላይ።

አርባው ጾም ላይ ከዋለ ተዝካሩም የጾም ነው። ሥጋ ስላልቀረበ የሟች ክብር አይቀንስም፣ ለጎረቤት ሐሜት ተብሎ መበደር ደግሞ ከናካቴው አያስፈልግም።