ደብረ ሲና ላይ ካልጀመርክ ኮምቦልቻ ላይ አታርፍም

ጄት ይዤ መጀመሪያ ኮምቦልቻ የሄድኩ ቀን ሳላርፍ ነው ያለፍኩት። መንደርደሪያው ፊት ለፊቴ ነበር። ያደግኩት እዚያው አካባቢ፣ ደሴ ነው። በሴስና ካራቫን ስንት ጊዜ አርፌበታለሁ። ያን ቀን ግን ከፍ ብያለሁ፣ ፈጥኛለሁም። ቀኝ ወንበር ላይ የተቀመጡት ካፒቴን ድምፃቸውን ሳይጨምሩ "ምን ታስባለህ?" አሉኝ። "ጎ አራውንድ" አልኩ፤ ማረፉን ትተን እንደገና እንዙር ማለት ነው። ፓወር ሰጠሁ፣ አፍንጫውን አነሳሁ፣ ሜዳው ከሥራችን አለፈ።

ካራቫን ባለ አንድ ሞተር ነው። ፊቱ ላይ ትልቅ ፕሮፔለር አለው፤ የሚጓዘው 170 ኖት (በሰዓት 315 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው። ከፍ ብለህ ከመጣህ ፓወሩን ትቀንሳለህ። ያኔ ፕሮፔለሩ ራሱ አየሩን እየተጋፋ ያዝ ያደርግሃል። እኔ የተሸጋገርኩበት ሳይቴሽን ሙስታንግ ደግሞ ጅራቱ አካባቢ ሁለት ትንንሽ የጄት ሞተሮች አሉት። እስከ 340 ኖት ይበራል፣ እስከ 41,000 ጫማ ይወጣል። ፓወሩን ብትቀንስ ፊት ለፊት የሚይዘው ነገር የለም። አፍንጫውን ዝቅ ካደረግክ ይፈጥናል። ቶሎ መውረድና ፍጥነት መቀነስ በአንድ ጊዜ ስትጠይቀው እሺ አይልም። አየሩን እየተጋፋ ፍጥነት የሚቀንስ ስፒድ ብሬክ አለው፣ ግን እሱን ተማምኖ ዘግይቶ መጀመር ልክ አይደለም።

ሥልጠናው ውጭ አገር ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሲሙሌተር። ማንኛውም ጄት የራሱ ታይፕ ሬቲንግ (ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ) ስለሚፈልግ በካራቫን ያለህ ልምድ ብቻውን አያስገባህም። ከሁሉ የከበደኝ አሮጌውን ልማድ መተው ነው። በካራቫን ተነስተህ ሞተሩ ቢጠፋ የምታስበው ማረፊያ ሜዳ ነው። በጄት ግን ገና ሳትነሳ የምትወስናት አንዲት ፍጥነት አለች፤ ቪ1 ትባላለች። ከሷ በፊት ሞተር ከጠፋ ትቆማለህ። ካለፍካት በቀረው ሞተር ትነሳለህ። አሠልጣኙ ይህንኑ ደጋግመው ሰጡኝ። ሞተሩ ሲጠፋ እጄ ወዲያው ወደ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ይሮጥ ነበር። "መጀመሪያ አብርር። ቼክሊስቱ የትም አይሄድም" ይሉኛል። በአራተኛው ቀን እጄ አረፈ፤ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እግሬ ብቻ ሠራ።

የኦክስጅን ጭንብሉንም እንዲሁ ለመድነው። 35,000 ጫማ ላይ አየሩ ከካቢኑ ቢወጣ በትክክል ማሰብ የምትችለው ለ30 ሰከንድ፣ ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ነው። ጭንብሉን በ5 ሰከንድ ውስጥ ማጥለቅ አለብህ። ካራቫን ላይ ይህ ጭንቀት አልነበረብኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተምሬ ኮምቦልቻ ላይ ለምን ተሳሳትኩ? አንዱ ምክንያት ስክሪኑ ነው። ካራቫናችንም ሙስታንጉም ጋርሚን ጂ1000 አላቸው። ያው ቀለም፣ ያው ካርታ። ዓይኔ የለመደው ቤት የገባ መሰለው፣ አእምሮዬም በካራቫን ፍጥነት መሥራቱን ቀጠለ። ከአዲስ አበባ ስመጣ ሁልጊዜ መውረድ የምጀምረው ከሚሴ ላይ ነበር። በጄቱ ደግሞ ከሚሴ አካባቢ ደርሼ ገና ከፍታዬን አላራገፍኩም ነበር።

ካፒቴኑ ያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥተው አብረን ሠራነው። የምትወርደውን ከፍታ በሺህ ጫማ ቆጥረህ በሦስት ታባዛለህ። በ25,000 ጫማ እየበረርክ ነው፤ ኮምቦልቻ 6,100 ጫማ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ 19 ሺህ ጫማ ትወርዳለህ። በሦስት ሲባዛ 57 ናቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ይሆናል። ፍጥነት ለመቀነስ 10 ጨምርበት። 67 ማይል ማለት ደግሞ ደብረ ሲናን እንዳለፍክ ማለት ነው።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ወደቡ እስከተዘጋብን እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተመላልሷል። ነገሩን ደሴ ቤት ቡና ላይ ስነግረው ብዙም አልተገረመም። "ሐረጎን ልትወርድ ስትል ማርሹን መቼ ነው የምትቀይረው?" አለኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያስወርደውን ቁልቁለት ማለቱ ነው። "ቁልቁለቱ ሳይጀምር" አልኩት። "እህ" አለና ስኒውን አስቀመጠ። "መሃል ላይ ከሆነ ፍሬኑ ይግላል። አብሽር፣ የሚለመድ ነው።" ከዚያ ወዲህ መውረጃዬን ሳሰላ ሐረጎ ትዝ ይለኛል።

ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ሙስታንግ ሪቨርስ፣ ማለትም የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ የሚያቆም ነገር፣ የለውም። ካረፍክ በኋላ የሚያቆምህ የጎማው ፍሬን ብቻ ነው። ወሎ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው 90 ኖት ሲል፣ በሞቃት ቀን ጎማው መሬት የሚነካው ከ100 ኖት በላይ ነው። ያ ልዩነት ፍሬኑ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት በ30 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ላሊበላም ከፍ ያለ ስለሆነ ያው ነው። ለዚህ ነው 10 ኖት ፈጥኜ ስመጣ ማረፍ ያልፈለግኩት። ዛሬም ከሜዳው 500 ጫማ ከፍታ ላይ ፍጥነቱ፣ ለማረፍ የሚዘረጋው የክንፉ ፍላፕና የአወራረዱ መስመር ካልተስተካከሉ ሁለተኛ አላስብም፤ እመለሳለሁ። ደመና ካለ ደግሞ ተራሮቹ ቶሎ ዝቅ እንድትል አይፈቅዱልህም። ያኔ ፍጥነቱን ቀንሰህ የምትጨርሰው ገና ከፍታ ላይ ሳለህ ነው።

ሳላርፍ ባለፍኩበት ቀን ማግስት መመለሻችንን መንገደኞቹ ከቀኑ 8 ሰዓት እንዲሆን ፈለጉ። አስልቼ አየሁት። በ28 ዲግሪ ሙቀት ኮምቦልቻ ላይ አውሮፕላኑ 9,100 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰማው። ከቪ1 በኋላ አንድ ሞተር ቢጠፋ ተራራውን ለማለፍ የሚቀረኝ አቅም አልጣመኝም። ወይ አንድ ሰው ከነሻንጣው መቅረት አለበት፣ ወይ ጠዋት እንሄዳለን። የመንደርደሪያውን ርዝመት ሳይሆን ተራራውን እያሳየሁ ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ "እንግዲያውስ በጊዜ እንተኛ" አሉ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 14 ዲግሪ ይላል። ሁሉም ተሳፍረዋል፣ ሻንጣቸውም አልቀረም። ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ያለው ጉም ገና አልተነሳም ነበር። ቪ1 ብለው ካፒቴኑ ሲጠሩ እጄን ከፓወሩ ላይ አነሳሁ።