ክረምትን በድሬ፦ ለማስተማር ሄጄ እንዴት እንደለመድኩ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክረምት በጎ ፈቃድ ሲመዘገብ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እዚያው ሰፈሩ ነው። ችግኝ ይተክላል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳል፣ ደም ይለግሳል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የእናቱን ወጥ ይበላል። እኔ ግን የድሬ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ "አቦ ና፣ ሒሳብ የሚያስጠና ሰው የለንም" ሲለኝ ሻንጣዬን ሸከፍኩ። ሥራው 7ኛን ጨርሰው ወደ 8ኛ ለሚያልፉ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ነው። ደመወዝ የለውም። ኪራይም ከኪሴ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሒሳቡ ሳይሆን ስለ ኑሮው ነው፤ ምክንያቱም ኑሮው ካልተስተካከለ ሒሳቡም አይሄድም።

አዲስ አበባ ሐምሌን በጃኬትና በጃንጥላ ነው የሚያሳልፈው። አውቶቡሱ ከደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ጃኬቱ ይወልቃል፣ ከዚያም ሹራቡ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ የአዲስ አበባ ግማሽ ማለት ነው። እንደውም ሐምሌ የተሻለ ነው ይሉኛል። ዋናው ሙቀት ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው አሉ። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

ቤት ፍለጋውን ለጓደኛዬ እናት ተውኩት። ደላላም አላስፈለገኝም። እሳቸው ያዩት እኔ የማላየውን ነው፦ መስኮቱ በሁለት በኩል መሆኑን፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መኖሩን፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ መኖሩን። "ልጄ፣ ቀለሙን ተወው፣ ጥላውን እይ" አሉኝ። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተገኘልኝ። መጀመሪያ የገዛሁት ፋን ነው። ሁለተኛ ሽርጥ። ወንዱ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል፤ እኔም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሱሪ ለክፍል ብቻ የሚለበስ ነገር ሆነብኝ። ሙቀቱ ሲብስ ግቢው በሙሉ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ይተኛል። መጀመሪያ ያሳፍራል። ከዚያ እንቅልፉ ይጥማል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ሰዓቴን ከከተማዋ ጋር ማስተካከሌ ነው። ድሬ በጠዋት ትሠራለች፣ ከሰዓት ትተኛለች፣ ማታ ትኖራለች። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቀንሳል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው እንደ አዲስ ይወጣል። የተሰጠን ፕሮግራም ከሰዓት ነበር፤ ወረቀት ላይ ያማረ ፕሮግራም። ልጆቹ ግን ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋሉ። ከአስተባባሪው ጋር ተነጋግረን ክፍሉን ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ስናመጣው የሚቀረው ተማሪ ቀነሰ። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ በጊዜ እንለቃለን። ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዴ ወጥቶ መንገዱን ማየት ይበቃል።

ከሰዓቱ ሌላ ቁም ነገርም አለው። በርጫው፣ ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት ጊዜ፣ ያኔ ነው። እኔ አልቅምም፣ አንድም ሰው አላስገደደኝም። ለስላሳዬን ይዤ እቀመጣለሁ። የልጆቹን አባቶች ያገኘኋቸው እዚያ ነው። በደብዳቤ ስንጠራቸው ያልመጡ ሰዎች ፍራሽ ላይ ተደግፈው ስለ ልጃቸው ክፍልፋይ ረጅም ጨዋታ ያወራሉ። አንደኛው አባት ልጁ ጠዋት ሱቅ እንደሚጠብቅ የነገረኝ በዚያው ነው፤ በማግስቱ ታላቅ ወንድሙ ተተካለት። ጫትን ማወደሴ አይደለም። ወላጅ የት እንደሚገኝ ማወቅ ግን የአስተማሪ ሥራ ነው።

ስለ ውሃ ልንገራችሁ። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ነው የሚመጣው፣ ኖራ ይበዛዋል። ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ለመጠጥ የታሸገ መግዛት ለበጎ ፈቃደኛ ኪስ ይከብዳል፤ እኔ አፍልቼ አሳድሬ ከላይ ከላዩን እቀዳ ነበር። ውሃ ስለሚጠፋ ሁሉም ቤት በርሜል አለ። በርሜሉ ደግሞ ክዳን ይፈልጋል። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያዳርስ ያስተላለፈችው ትንኝ የምትራባው በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፣ የምትናከሰውም በቀን ነው። ስለዚህ ለእሷ አጎበር ብቻውን አይበቃም። በ2014 ደግሞ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ከተማው ውስጥ ወረርሽኝ አስነስታለች፤ እሷም በርሜልና ታንከር ትወዳለች። አጎበሬን ሰቀልኩ፣ በርሜሌን ከደንኩ። ልጆቹንም የበርሜል ይዘት እያሰላን ክዳኑን አስለካኋቸው፤ የክብ ስፋት ያን ያህል ቶሎ ገብቷቸው አያውቅም።

ደቻቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ በፕላን የተሠራች ናት፣ መንገዷ ቀጥ ያለ፣ ዛፏ ጥላ ያለው። መጋላ ጠመዝማዛና ሞቅ ያለች የገበያ ሰፈር ናት። እኔ ቀፊራ ገበያ ለመውረድ ስል አሸዋውን አቋርጥ ነበር። አከራዬ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን ወደ ተራራው ቀሰሩ። "ድሬ ላይ ፀሐይ ነው ብለህ አትመን፣ ደንገጎን እይ" አሉኝ። ጎርፉ የሚመጣው እላይ ከሚዘንበው ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ያልገጠመኝ ግቢ የለም። ከዚያ በኋላ ወደ ደጋው ደመና ሲከብድ በድልድይ ነው የምሄደው፤ ልጆቹንም ወደ ቤት ስለቃቸው መጀመሪያ ሰማዩን አያለሁ።

ትራንስፖርቱ ቀላል ነው። ባጃጅ በሰው ሒሳብ ይጫናል፤ ብቻችሁን ከገባችሁና መስመሩን ካልጠራችሁ ግን ኮንትራት ሊሆን ይችላል። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ክፍል ውስጥ እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ ከኋላ ያሉት በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት በሶማሊኛ ይሳሳቃሉ። መጀመሪያ ዝም ላሰኛቸው ሞከርኩ። በኋላ ስሰማ ያልገባውን እያስረዱት ነው። ስለዚህ ቡድኑን እነሱ በመረጡት ቋንቋ አድርጌ፣ መልሱን ብቻ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ እንዲጽፉ ተስማማን። እኔም እስከ አስር በሁለቱም መቁጠር ተማርኩ፤ አነባበቤ ግን እስከ መጨረሻው መሳቂያ ነበር።

ለሚቀጥለው ክረምት የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ቀኖችን ያዙ። አንደኛው ሐምሌ 19 ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ምእመን በድሬ ያልፋል፤ ያኔ አልጋ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። ቤታችሁን ከዚያ በፊት ጨርሱ፣ ለዚያ ሳምንትም ፈተና አታውጡ። ሁለተኛው መመለሻው ነው። ጳጉሜን ላይ አገሩ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል። ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። እኔ የቆረጥኩት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ የተረፈኝም ከሹፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር ብቻ ነበረች።